መጀመሪያ ብቻችሁን አንብቡ

ራዲዮሎጂ ለመማር የተነሳችሁ የወሎ ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? ዕድሜዬን የጨረስኩት ፊልም፣ ማለትም የራጅና የኤምአርአይ ምስል፣ ሳነብ ነው። አንዲት ነገር ልንገራችሁ።

ከደላንታ የመጣች እናት ነበረች። የማህጸን በር ካንሰር ነው። ኤምአርአይዋን አየሁና "ዕጢው ከማህጸን በር አላለፈም" አልኩ። ሪፖርቱን ሳልጽፍ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ብቅ አለና "ወደ ጎን ወጥቷል" አለኝ። መልሼ ሳየው የወጣ መሰለኝ። የእሱን ቃል ጻፍኩ። ትክክል ሊሆን ይችላል። የሚቆጨኝ ፊልሙን በጆሮዬ ማንበቤ ነው።

ነገሩ ቀላል አይምሰላችሁ። ዕጢው ትንሽ ሆኖ እዚያው ከተወሰነ ቀዶ ህክምና ይቻላል። ወደ ጎን ከዘለቀ ደረጃው ሁለት ቢ ይሆናል፤ ህክምናው ባብዛኛው ጨረርና ኬሞ ነው። ለእሷ ጨረር ማለት አዲስ አበባ ነበር። ከደሴ እንኳ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሬ ይሸጣል፣ ልጆች ጎረቤት ይቀራሉ። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ምስል ለዚህ ካንሰር ደረጃ መስጫ በይፋ ስለተፈቀደ፣ ቃላችን ይበልጥ ከብዷል።

ጸብ የሚመጣው ድንበሩ ላይ ነው። የንፍፊት አጭር ወርድ 10 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ካንሰሩ ደርሶበታል ብለን እንጠራጠራለን። አንዱ 9 ይለካል፣ ሌላው 11።

"ከ100 ፊልም 86ቱ ላይ ተስማማን" ብላችሁም አትኩራሩ። ሁለታችሁም 10ሩን "ተሰራጭቷል"፣ 90ውን "አልተሰራጨም" ብላችሁ ከሆነ፣ በጭፍን ብትገምቱ እንኳ 82ቱ ላይ ትገጥማላችሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጃኮብ ኮኸን በ1960 እ.ኤ.አ. ያወጣው ካፓ የሚባል ስሌት ይህን የአጋጣሚ ስምምነት ይቀንሰዋል። ሙሉ ስምምነት 1 ነው። የእናንተ 0.22 ብቻ ይመጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ብቻችሁን አንብቡ። ጻፉት። ከዚያ ቡናው ላይ ተከራከሩ፤ አቦሉ ካልበቃ እስከ በረካው። ከወራት በኋላ ያንኑ ፊልም ስሙን ሸፍናችሁ ድጋሚ አንብቡት። ከራሳችሁ ጋር የማትስማሙበት ቀን ይመጣል። አብሽሩ፣ ሁላችንም ላይ ደርሷል። ክርክሩ ካልተፈታ ግን ሪፖርቱ ላይ ይውጣ፣ ለሐኪሙም ደውሉለት።

ያቺን እናት ያከማት ሐኪም፣ ፊልሟ ሁለት ዓይነት መነበቡን አላወቀም። የጻፍኩለት አንዱን ብቻ ነው።