«ሁሉንም መብት» ሰጥተን ምን ቀረ?

ጥያቄ፦ የሰነድ ማከማቻ መተግበሪያችንን ከነፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዙ ወደ አዲስ ሰርቨር ካዛወርን ወዲህ የቆዩ ሰነዶችን መፈለግ ይቻላል፤ ሆኖም መተግበሪያውን ስናሻሽል ዳታቤዙ ፈቃድ ይከለክላል፣ አዲስ ፋይል መጫንም አልተቻለም። ለመተግበሪያው ተጠቃሚ በዳታቤዙ ላይ ሁሉንም መብት ሰጥተናል። ችግሩ የት ነው?

መልስ፦ የገጠሙዎት ሁለት የተለያዩ ችግሮች ይመስላሉ። በዳታቤዝ ደረጃ የሚሰጥ «ሁሉም መብት» ለመገናኘት፣ አዲስ ስኪማ (በዳታቤዙ ውስጥ ሠንጠረዦች የሚሰባሰቡበት ክፍል) ለመፍጠርና ጊዜያዊ ሠንጠረዥ ለመሥራት እንጂ፣ በውስጡ ላሉት ሠንጠረዦች አያገለግልም። ማሻሻያው የሠንጠረዥን ቅርጽ ሲቀይር ባለቤትነትን ይጠይቃል፤ ዳታቤዙን በአስተዳዳሪው ስም መልሰው ጭነውት ከሆነ የሠንጠረዦቹ ባለቤት አስተዳዳሪው ሆኖ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና፣ ባለቤትነታቸውን ለመተግበሪያው ተጠቃሚ ያዛውሩ። በተጨማሪም በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው የፖስትግሬስኪውኤል እትም 15 ጀምሮ፣ አዲስ በሚፈጠር ዳታቤዝ ውስጥ ተራ ተጠቃሚ ፐብሊክ በተባለው ነባሪ ስኪማ ላይ ሠንጠረዥ የመፍጠር መብት በራሱ አያገኝም።

ፋይሎቹ ከዳታቤዙ ውጭ በዲስክ ላይ የሚቀመጡ ከሆነ የማከማቻ አቃፊውን ዝርዝር ይመልከቱ። በባለቤቱ ስም ቦታ እንደ 1001 ያለ ቁጥር ብቻ ከታየ፣ የአሮጌው ሰርቨር ተጠቃሚ መለያ ቁጥር አብሮ ተገልብጧል ማለት ነው። ባለቤቱን ያስተካክሉ እንጂ፣ እባክዎ፣ ለሁሉም ሰው የመጻፍ ፈቃድ አይክፈቱ፤ የሰዎች ሰነድ በአደራ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ከዚያም በመተግበሪያው ተጠቃሚ ስም ባዶ ፋይል ለመፍጠር ይሞክሩ። «ቦታ የለም» የሚል መልእክት ከመጣ ባዶውን ጊጋባይት ብቻ ሳይሆን የኢኖድ (የፋይል ስርዓቱ ለእያንዳንዱ ፋይል የሚይዘው መዝገብ) ብዛትንም ይፈትሹ፤ እጅግ ብዙ ትናንሽ ፋይሎች ኢኖዱን ቀድመው ሊጨርሱት ይችላሉ።