ስድስት የበረዶ ፖክሞን ይዤ ለምን እሸነፋለሁ?

መጀመሪያ ጥያቄውን ላሳጥረው። አንድ አንባቢ ፖክሞን የሚባሉ ፍጡራን የሚፋለሙበትን ፖክሞን ስካርሌት የተባለ ቪዲዮ ጌም ይጫወታል። "በረዶ ድራጎን ይገድላል" ሲባል ሰማና ቲሙን በሙሉ በረዶ አደረገው። ዊቪል፣ ግላሲዮን፣ አርቲኩኖ፣ የአሎላ ናይንቴልስ፣ አቫለግ እና አቦማስኖ። ኦንላይን አንድ ለአንድ ሲገጥም ግን ሽንፈት በሽንፈት ሆነበት። በተለይ ሦስት ነገር አስመርሮታል። አርቲኩኖ ገና ሜዳ ሲገባ ግማሽ ደሙ ይሄዳል። ሲዞር የሚባል አንድ የብረት ፖክሞን ብቻውን ግማሹን ቲም ይጨርስበታል። ጋርቾምፕ የሚባለውን ድራጎን ደግሞ አይስ ቢም በሚባለው የበረዶ ምት መትቶት አልሞተለትም። "በረዶ ውሸት ነው ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?" ይላል።

ወንድሜ፣ በረዶ ውሸት አይደለም። የሰማኸው ግን ግማሹን ነው።

በዚህ ጌም እያንዳንዱ ፖክሞንና እያንዳንዱ ሙቭ (ምት) ታይፕ፣ ማለትም እንደ በረዶና እሳት ያለ ዓይነት አለው። ታይፕ ሁለት ቦታ ላይ ይሠራል። ስትሰነዝር የሙቭህ ታይፕ ይቆጠራል። ሲሰነዘርብህ የፖክሞንህ አካል ታይፕ ይቆጠራል። የበረዶ ጥሩ ነገር ሁሉ ያለው የመጀመሪያው ላይ ነው። መጥፎው ሁሉ ሁለተኛው ላይ ነው። አንተ ስድስት ጊዜ መጥፎውን ገዝተሃል።

በረዶ ሲመታ ሣርን፣ መሬትን፣ በራሪን እና ድራጎንን እጥፍ ይጎዳል። እነዚህ አራቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ አካል ላይ ይገናኛሉ። ጋርቾምፕ ድራጎንም መሬትም ነው። ድራጎናይት ድራጎንም በራሪም ነው። ስለዚህ ሁለቱም አራት እጥፍ ይመታሉ። በረዶን የሚቋቋሙት እሳት፣ ውሃ፣ ብረት እና ራሱ በረዶ ናቸው።

አካሉን እንይ። የበረዶ አካል እሳት፣ ድብድብ፣ ድንጋይ እና ብረት እጥፍ ይጎዱታል። የሚቋቋመው ስንት ነው? ከ18ቱ ታይፖች አንድ ብቻ፣ በረዶን። ሌላውን ሁሉ እንዳለ ይቀበላል። ኖርማል እንኳ ቢያንስ የመንፈስ ምት አይነካውም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1996 በወጣው የመጀመሪያው ጌም ብረት የሚባል ታይፕ ራሱ አልነበረም። እሳትም የበረዶን ምት አይቋቋምም ነበር። ብሊዛርድ የሚባለው የበረዶ ምት ከመቶ 90 ጊዜ ያገኝ ነበር፣ የቀዘቀዘ ፖክሞን ደግሞ በራሱ አይፈታም። ያኔ በረዶ ንጉሥ ነበር። ብረት በ1999 ሲመጣ ዙፋኑ ተነቃነቀ። አንዳንድ የቆየ ተጫዋች "በረዶ አደገኛ ነው" የሚልህ ያንን ዘመን እያሰበ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ችግርህ። የአርቲኩኖ ነገር ቀላል ነው። ተቃዋሚህ ስቴልዝ ሮክ አንጥፎብሃል። ይህ ሙቭ በገባህ ቁጥር የሚወጋ ድንጋይ ነው። ጉዳቱም ድንጋይ በአካልህ ላይ ባለው ኃይል ይሰላል። ለመደበኛ አካል 12.5 በመቶ ነው። ለበረዶ 25 በመቶ ይሆናል። አርቲኩኖ በረዶም በራሪም ስለሆነ፣ ሁለቱም ድንጋይ ስለሚፈሩ፣ 50 በመቶ ይበላዋል። ሁለቴ ከገባ አበቃለት። የቀሩት አምስቱስ? ሁሉም ሩብ ሩብ ደም ይከፍላሉ። ስድስት ፖክሞን ይዘህ፣ ከመሰንዘርህ በፊት ደም የሚፈስበት ቲም ሠርተሃል። ጋርቾምፕ ራሱ ስቴልዝ ሮክ ሊማር እንደሚችል ልብ በል። ልትገድለው የመጣኸው እሱ ነው ቀድሞ ወጥመድ የዘረጋልህ።

መፍትሔው በ2019 የመጣው ሄቪ ዱቲ ቡትስ ነው። ይህን ጫማ የያዘ ፖክሞን መሬት ላይ የተነጠፈ ነገር አይነካውም። ለበረዶ አጥቂ መጀመሪያ የማስበው ዕቃ እሱ ነው። ፎከስ ሳሽ (ከአንድ ገዳይ ምት የሚያተርፍ ዕቃ) ብትሰጠው ግን ድንጋዩ ደሙን ከነካው በኋላ ሳሹ አይሠራም፣ ሙሉ ደም ይፈልጋልና። አቫለግህ ራፒድ ስፒን ይማራል፣ ድንጋዩን ያጸዳልሃል። መንፈስ ከፊቱ ከቆመ ግን ስፒኑ ባዶ ነው።

ሲዞር ደግሞ ለአንተ ቲም ተብሎ የተፈጠረ ይመስላል። ቡሌት ፓንች በወረቀት ላይ 40 ኃይል ብቻ ነው ያለው። ቴክኒሽያን የሚባለው ችሎታው ወደ 60 ያሳድገዋል። የራሱ ታይፕ ስለሆነ በ1.5 ሲባዛ 90 ይሆናል። በረዶ ላይ ሲያርፍ 180። ናይንቴልስ በረዶም ፌሪም ስለሆነች፣ ሁለቱም ብረት ስለሚፈሩ፣ እሷ ላይ 360 ይደርሳል! በዚያ ላይ ቀዳሚ ምት ነው፣ የዊቪል 125 ፍጥነት ምንም አያደርግልህም። ያንተ የበረዶ ምት ደግሞ እሱ ላይ በግማሽ ነው የሚያርፈው። ሲዞር የሚፈራው እሳት ብቻ ነው፣ እሱንም አራት እጥፍ። ቲምህ ውስጥ ግን አንድም እሳት የለም።

ጋርቾምፑ ያልሞተው፣ ቴራ (በግጥሚያ አንድ ጊዜ የፖክሞንን ታይፕ የሚቀይር ዘዴ) አድርጎ ብረት ሆኖ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ቴራ ያደረገ አካል የድሮ ታይፖቹ ከመከላከል ወጥተው አዲሱ ብቻ ይቀራል። አራት እጥፍ የነበረው ምትህ ግማሽ ይሆናል። ከስምንት አንድ ማለት ነው። ድራጎናይትም ኖርማል ቴራ ሲያደርግ ተመሳሳይ ነገር ይገጥምሃል። በዚያ ላይ ሙሉ ደም ሲኖረው ማልቲስኬል የሚባለው ችሎታው ጉዳቱን በግማሽ ይቀንስለታል። ለእሱ ጥሩው የዊቪል ትሪፕል አክስል ነው። ሦስት ጊዜ ይመታል፣ የመጀመሪያው ማልቲስኬሉን ይሰብራል፣ የቀሩት ሁለቱ በሙሉ ኃይል ያርፋሉ።

እንግዲህ ምን ታደርጋለህ? ምቱን ያዝ፣ አካሉን ቀንስ።

አይስ ቢም የሚማሩ ብዙ የውሃ ፖክሞኖች አሉ። ማይሎቲክ፣ ቬፖሪዮን፣ ስሎውብሮ፣ ጋስትሮዶን። ውሃ ደግሞ እሳትንም ብረትንም ይቋቋማል፣ ማለትም ከበረዶ አራት ጠላቶች ሁለቱን። የምታጣው የ1.5 ብዜቱን ነው። ግላሲዮን ጋርቾምፕ ላይ የአይስ ቢም 90 ኃይል በ1.5 በ4፣ 540 ያወጣል። ማይሎቲክ 360። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ አልክድም። ግን ግላሲዮን ፍጥነቷ 65 ነው፣ የጋርቾምፕ 102። 540ውን ለማውጣት መጀመሪያ መቆየት አለባት። ስለዚህ ግላሲዮንን በማይሎቲክ እቀይር ነበር።

አርቲኩኖን እወደዋለሁ፣ ግን ውጣ እለዋለሁ። በቦታው ጎልደንጎ ይግባ። ብረትና መንፈስ ነው፣ ድብድብ ጭራሽ አይነካውም፣ ድንጋይና ብረትም ይቋቋማል። አቦማስኖም ይሂድ። ሣርና በረዶ አንድ ላይ ሲሆኑ ሰባት ድክመት ነው የሚሰጡት፣ እሳት ላይማ አራት እጥፍ። በእሱ ቦታ ሄትራንን አስብ። እሳትና ብረት ስለሆነ ሲዞርን ያቃጥለዋል። ችሎታው ፍላሽ ፋየር ከሆነ ወደ በረዶህ የሚመጣውን እሳትም ይውጣል። የሄትራን ትልቁ ፍርሃት መሬት ነው፣ መሬትን ደግሞ በረዶህ ይጥልለታል።

ዊቪል ይቆይ፣ ጫማ አድርግለት። ቴራውን ውሃ ብታደርገው ደስ ይለኛል። ቴራ ሲያደርግ የበረዶ አካሉ ይጠፋል፣ የበረዶ ምቱ ግን የ1.5 ብዜቱን አያጣም። ሲዞር ቡሌት ፓንች ሲልክ እጥፍ የነበረው ግማሽ ይሆናል። ተቃራኒውን አታድርግ። ደህና አካል ያለውን ፖክሞን በረዶ ቴራ ስታደርገው ምቱ ይጠነክራል፣ ግን አራቱን ድክመት አብረህ ታለብሰዋለህ። ያ ምት ጨዋታውን የሚዘጋ ካልሆነ በቀር አይመከርም።

ናይንቴልስን ለበረዶ አየር ያዛት። ስኖው ዋርኒንግ የሚባለው ችሎታ ያላት ከሆነች፣ ስትገባ በረዶ ይጥላል። ከ2022 ጀምሮ ይህ አየር የበረዶ ፖክሞኖችን መከላከያ በ50 በመቶ ያሳድጋል። የሚያሳድገው ለአካላዊ ምት ብቻ ነው። ስለዚህ የአቫለግ 184 መከላከያ ግንብ ይሆናል፣ 46ቱ ልዩ መከላከያው ግን እንዳለ ይቀራል። አንድ ፍሌምትሮወር (ልዩ የእሳት ምት) ይበቃዋል። ለዚህ ነው አውሮራ ቬይል የሚባለው ሙቭ የሚያስፈልገው። በረዶ እየጣለ ሳለ ብቻ ይሠራል፣ ሁለቱንም ዓይነት ጉዳት ለ5 ተራ በግማሽ ይቀንሳል። ላይት ክሌይ የሚባለውን ዕቃ ከያዘች 8 ተራ ይሆናል። ክሌይ ከያዘች ጫማ የላትም ማለት ነው፣ ስለዚህ ደጋግመህ አታስገባት።

ፍሪዝ ድራይም አስተምራት። ውሃ በረዶን ይቋቋማል ብዬሃለሁ። ይህ ሙቭ ያንን ገልብጦ ውሃን እጥፍ ይመታል። ውሃና መሬት የሆነውን ስዋምፐርትን አስብ። በአይስ ቢም 135 ታወጣበታለህ። በፍሪዝ ድራይ 70 ኃይል ይዘህ 420። ውሃ ነኝ ብሎ ተረጋግቶ የሚገባብህን ተቃዋሚ ፊት ማየት ነው!

ከግጥሚያው በፊት የተቃዋሚህን ስድስት ፖክሞኖች ስታይ መጀመሪያ ብረት ፈልግ። ሲዞር ካለ ናይንቴልስን ቀድመህ አታውጣት፣ ሄትራንን አስቀድም። ጋርቾምፕና ድራጎናይት ካሉ ደግሞ ዊቪልን ደብቀህ አቆየው። ሰውየው ቴራውን ሌላ ላይ እስኪጨርስ ድረስ አታሳየው።