የቤተሰብ ነርስ ፕራክቲሽነር ልሁን ወይስ የአረጋውያን?

ጥያቄ፦ «በሜሪላንድ በአንድ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ሦስት ዓመት ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ)፣ ከዚያም አራት ዓመት ሬጅስተርድ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን ነርስ ፕራክቲሽነር (መርምሮ መድኃኒት የሚያዝ ነርስ) ለመሆን ልማር ነው። ልቤ ያለው ከአረጋውያን ጋር ነው፤ ጓደኞቼ ግን የቤተሰቡን ዘርፍ ካልያዝሽ ሥራ ይጠብብሻል ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

መልስ፦ የጓደኞችዎ ስጋት መሠረት የሌለው አይደለም። የቤተሰቡ ዘርፍ ከሕፃን እስከ አዛውንት ለማከም ያበቃል፤ የአዋቂዎችና የአረጋውያኑ ዘርፍ ግን ትንንሽ ልጆችን አይጨምርም። ወደፊት ሕፃናትንም ማከም የሚፈልጉ ከሆነ ምርጫው ተወስኗል። ይህ ፍላጎት ከሌለዎት ግን ልብዎ ያለበትን ዘርፍ ይምረጡ እላለሁ፤ ምክንያቴም ከሥራው ጠባይ የሚነሣ ነው።

ያረጀ ሰውነት ሕመሙን እንደ ወጣት ሰውነት አይናገርም። የሳንባ ምች የያዛቸው እናት ትኩሳትም ሳልም ሳይኖራቸው ምግብ እምቢ ሊሉ ወይም በአንድ ሌሊት ሰው መለየት ሊያቅታቸው ይችላል። ከዚህም ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመድኃኒት ነገር ነው። ለደም ግፊት አምሎዲፒን የሚወስዱ አባት እግራቸው ያብጣል፤ እብጠቱ እንደ አዲስ በሽታ ታይቶ የሚያሸና መድኃኒት ይታዘዝላቸዋል፤ ሽንት ሲያጣድፋቸው ኦክሲቡቲኒን ይጨመራል፤ ይህኛው ደግሞ አእምሮን ሊያደበዝዝ ስለሚችል፣ ውሎ አድሮ ልጆቻቸው «አባታችን መርሳት ጀመሩ» ብለው ይመጣሉ። እያንዳንዱ ትእዛዝ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው፤ የጎደለው ሁሉንም ከመነሻው ጀምሮ አያይዞ የሚያይ ሰው ነው። በእኔ እምነት የነርስ ፕራክቲሽነር ዋና ሚና ይህን ሰው መሆን ነው። መርምሮ መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣን ያለው ባለሙያ የማያስፈልገውን የማቋረጥ ሥልጣንም አለውና፣ ለአረጋውያን የማይመከሩ መድኃኒቶችን የሚዘረዝረው፣ እ.ኤ.አ. በ1991 መጀመሪያ የወጣውና በየጊዜው የሚታደሰው የቢርስ መስፈርት የዘወትር መሣሪያዎ ይሆናል።

ይህ ሚና በተግባር ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1987 በሚኒሶታ ሁለት ነርስ ፕራክቲሽነሮች የጀመሩት ኤቨርኬር የተባለ አሠራር የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎችን በቅርብ የሚከታተል ነርስ ፕራክቲሽነር ይመድብ ነበር፤ በ2003 የታተመ ጥናትም እነዚህ ነዋሪዎች ሆስፒታል የሚተኙት ከሌሎቹ በግማሽ ገደማ ባነሰ መጠን መሆኑን አሳይቷል። ሕመሙ ገና ሲጀምር እዚያው ክፍላቸው ውስጥ የሚያያቸው ሰው ስለነበረ ነው። የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለነርስ ፕራክቲሽነሮች የትም ቢሠሩ በቀጥታ ይከፍላል፤ ክፍያው ግን ለሐኪም ከሚከፈለው 85 በመቶ ነው። በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲ ከሐኪም ጋር የትብብር ውል ሳይፈርሙ መሥራት ይቻላል፤ በቨርጂኒያ ግን ለዚህ የሚያበቃው የዓመታት ልምድ ነው፤ ስለዚህ ለመኖር ያሰቡበትን ስቴት ሕግ አስቀድመው ያንብቡ።

በአካባቢዎ ያሉት አረጋውያን ወገኖቻችን ሌላ ምክንያት ናቸው። እናቶቻችን ሐኪም ሲጠይቃቸው መጀመሪያ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይላሉ፤ ሕመማቸው የሚወጣው ቆይቶ፣ ብዙ ጊዜም ሰው ሊወጣ ሲነሣ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ከሰዓት እህል የማይቀምሱ የስኳር ሕመምተኛ ጠዋት ጠዋት ኢንሱሊን ወይም ግሊፒዛይድ ቢወስዱ ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል፤ ጾሙን ሳይነቅፍ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን የሚያስተካክልላቸው ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል። (ወላጆችዎ ሙያው ምን እንደሆነ ቢጠይቁዎት፣ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጎንደር ያሠለጠነቻቸውን ጤና መኮንኖች ያስታውሱላቸው፤ ሥልጠናው ቢለያይም ሐኪም ሳይሆኑ መርምሮ ማዘዝ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም።)

ሥራው ከባድ መሆኑን አልደብቅዎትም። ለዓመታት የተንከባከቧቸውን ሰዎች ይቀብራሉ፤ ልጆች «ለእናታችን እንዳትነግሪያት» እያሉ በሚለምኑበት ክፍል ውስጥ እናትየዋ ራሷ ምን እንደምትፈልግ መጠየቅ የእርስዎ ኃላፊነት ይሆናል።

ትምህርት ቤት ሲመርጡ ከስሙ ይልቅ የልምምድ ቦታውን ይመርምሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የነርስ ፕራክቲሽነር ትምህርት መመዘኛ ቢያንስ 750 ሰዓት ከታካሚ ጋር የሚደረግ ልምምድ ይጠይቃል። ከእነዚህ ሰዓቶች ስንቱ በአረጋውያን ክሊኒክ፣ በቤት ለቤት ሕክምናና በማስታገሻ ሕክምና እንደሚያልፍ፣ ፕሪሴፕተር (በልምምድ ቦታ የሚያሠለጥንዎትን ባለሙያ) የሚያገኝልዎትም ትምህርት ቤቱ ነው ወይስ እርስዎ ራስዎ የሚለውን በጽሑፍ እንዲመልሱልዎት ይጠይቁ፤ ተማሪውን «ራስህ ፈልግ» የሚል ትምህርት ቤት ምረቃዎን ሊያዘገይ ይችላል።

ከዚያ በፊት ግን በሚሠሩበት ቤት የምትመላለስ ነርስ ፕራክቲሽነር ካለች፣ በዕረፍት ቀንዎ ሙሉ ቀን አብረዋት እንዲውሉ አሠሪዎን ያስፈቅዱ። አዲስ መድኃኒት ከማዘዟ በፊት የድሮውን ዝርዝር እንዴት እንደምታነብ፣ ለቤተሰብ ስትደውል ምን እንደምትጠይቅ ልብ ይበሉ። የማመልከቻ ጽሑፍዎንም ያን ዕለት ማታ፣ ያዩት ሁሉ ሳይረሳዎት ይጀምሩት።