18 ሰከንድ፣ 1 ነጥብ፣ አንድ ኳስ፦ ስለ ቅዳሜው ጨዋታ ጥያቄና መልስ

የቅዳሜው ጨዋታ ሐዋሳን ለሁለት ከፍሏታል ብል ውሸት ነው። ከተማዋ የእግር ኳስ ናት፤ የቅርጫት ኳስ ተመልካች በጣት ይቆጠራል። እኛን ግን ከፍሎናል። ላላያችሁ፦ የሰፈራችን ልጆች 61 ለ 60 እየተበለጡ ተጋጣሚ ሳተ፣ ሪባውንዱን (ስቶ የተመለሰውን ኳስ) እኛ ያዝን። 18 ሰከንድ ቀርቷል። ፖይንት ጋርዳችን (ጨዋታውን የሚመራው ልጅ) መሀል ሜዳ ጋ ቆሞ እያነጠረ ሰዓቱን ጠበቀ። 5 ሰከንድ ሲቀር ተነሳ፣ ሁለት ሰው ገጠመው፣ ከሶስት ነጥብ መስመር ውጪ ወደ ኋላ እየዘለለ ወረወረ። ኳሷ የቀለበቱን ፊት መትታ ተመለሰች። አለቀ።

ከዚያ ወዲህ "አሰልጥነሃል፣ አንተ ፍረድ" የሚለኝ በዛ። ጥያቄ ላኩ አልኩ፣ ላካችሁ። ስድቡን አውጥቼ የቀረውን ልመልስ።

ኮች፣ ልጁ ጥፋተኛ ነው አይደለም? አታድበስብስ። (ከአቶቴ)

ስለሳተ አይደለም። ማንም ይስታል። ጥፋቱ መዘግየቱ ነው። 13 ሰከንድ ሙሉ ምንም አልተሠራም፤ አራቱ ልጆች ደግሞ እንደ ተመልካች ቆመው ያዩታል። 5 ሰከንድ ሲቀር የተጀመረ ጥቃት አንድ እድል ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያው መንገድ ከተዘጋ ሌላ የለም፣ ያገኘኸውን ትወረውራለህ። 10 ወይም 11 ሲቀር ብትጀምር ግን አንዱ ስክሪን (ተከላካዩን በአካል መጋረድ) ባይሠራ ኳሱን ወደ ሌላው ጎን አዙረህ እንደገና ትገባለህ። ብትስትም ሪባውንድ ይዞ የሚደግም ሰው ሰዓት አለው።

"ለተጋጣሚ ሰዓት እንዳይተርፍ ነው" የሚሉኝ አሉ። ይሄ አቻ ስትሆን ይሠራል። አቻ ሆነህ ብትስት የሚመጣብህ ጭማሪ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው መያዝ ያዋጣል። በ1 እየተበለጥክ ብትስት ግን የሚመጣብህ ሽንፈት ነው። ሰዓቱን እየጠበቅህ የምትበላው የራስህን እድል ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ይመስላሉ እንጂ አይደሉም።

ሶስት ነጥብ ሂሳቡ ያዋጣል እያሉ ሲያስተምሩን አልነበር እንዴ? አሁን ለምን ጥፋት ሆነ?

ያዋጣል፤ ችግሩ ሂሳቡን ማን፣ መቼ ይጠቀምበታል ነው። እንበል ቡድንህ ከሶስት ነጥብ መስመር ውጪ ከ100 ሙከራ 35 ያስገባል፣ ከመስመሩ ውስጥ 45። ከውጪ አንዱ ሙከራ በአማካይ 1.05 ነጥብ ያመጣል፣ ከውስጥ 0.9። ጨዋታውን ሙሉ ከውጪ ብትወረውር አትጎዳም።

በመጨረሻው ኳስ ግን ነጥብ አታጠራቅምም። በ1 ስትበለጥ 2 ብታስገባም 3 ብታስገባም ድሉ ያው ነው። ያኔ ጥያቄው "የትኛው ብዙ ጊዜ ይገባል?" ብቻ ይሆናል፤ 45 ደግሞ ከ35 ይበልጣል። ወደ ውስጥ ስትገባ ፋውል የማግኘት እድል አለህ፣ እሱንም ጨምር። ልጁ የወረወራት ኳስ ላይ ያለኝ ቅሬታ ይሄ ነው፦ የማያስፈልገውን ሶስተኛ ነጥብ ፍለጋ የከበደውን መረጠ።

በ2 ስትበለጥ ነገሩ ይገለበጣል። 2 ብታስገባ አቻ ነህ፣ ጭማሪ ሰዓት ትገባለህ፣ እዚያ ግማሽ በግማሽ ነው ብለን እንያዝ። የ45 ግማሽ 22 ተኩል ነው። ሶስት ብትወረውር 35። እዚህ ላይ ሶስት የወረወረ ልጅ ላይ የሚጮህ ሰው ሂሳቡን አልሠራም። ቅዳሜ በ2 ተበልጠን ቢሆን ኖሮ ስለ ርቀቱ አንዲት ቃል አልናገርም ነበር። ስለ መዘግየቱ ግን እናገራለሁ።

አሰልጣኙ ለምን ታይም አውት (አጭር እረፍት) አልጠየቀም? ተኝቶ ነበር?

ይሄ ጥያቄ በጣም ብዙ ሰው ነው የላከው። አሰልጣኙን ተዉት፣ መጠየቅ ቢጠይቅም አያገኝም ነበር። እኛ የምንጫወተው በፊባ (በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ ነው። በፊባ ታይም አውት የሚጠየቀው ከጠረጴዛው ዳኞች ነው፤ የሚሰጠው ደግሞ ኳስ ሲሞትና ሰዓት ሲቆም፣ ወይም ተጋጣሚ ሲያስቆጥርብህ ነው። ሪባውንድ ይዘህ እየሄድክ አይሰጥህም። ኤንቢኤ (የአሜሪካው ሊግ) ላይ ተጫዋቹ ኳሱን ይዞ እጁን አጋጥሞ ሲጠይቅ ታያላችሁ፤ እዚያ ይፈቀዳል።

ቀድሞ ተጠይቆ ቢሆንስ? ያኔ ጥቅም ነበረው። በአራተኛው ሩብ የመጨረሻ 2 ደቂቃ ኳስ ከራስህ ሜዳ የምታስገባ ከሆነ፣ ከታይም አውት በኋላ ወደ ፊት አሻግረህ እንድታስገባ ይፈቀድልሃል። ቅዳሜ ግን ኳሱ በእጃችን ነበር፣ ሰዓቱም እየሄደ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ነገር የሚሠራው በልምምድ ሜዳ ነው፤ ሪባውንድ በያዝክበት ቅጽበት ሁሉም የት እንደሚሮጥ ካላወቀ ከውጪ ጩኸት አያድንም።

የኢንዲያናው ሃሊበርተንም እኮ ብቻውን ነው የጨረሰው! እሱ ሲያደርገው ጀግና፣ የኛ ልጅ ሲያደርገው ጥፋተኛ? (ከፒያሳ)

ጥሩ አመጣኸው፤ ምክንያቱም ያ ኳስ ከቅዳሜው ጋር ይመሳሰላል። የ2025 የኤንቢኤ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ኢንዲያና ከኦክላሆማ ሲቲ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ተነስታችሁ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ኢንዲያና 110 ለ 109 እየተበለጠ ተጋጣሚ ሳተ፣ ሪባውንድ ያዙ። አሰልጣኙ ሪክ ካርላይል ታይም አውት ሊጠይቅ ይችል ነበር፣ አልጠየቀም። ለምን? ታይም አውት ከጠየቅክ ተጋጣሚም ዲፌንሱን አደራጅቶ ይጠብቅሃል። ሃሊበርተን ኳሱን ይዞ ወዲያው ወደ ፊት ሄደ፣ ከሶስት ነጥብ መስመር ውስጥ ገብቶ ወረወረ። 0.3 ሰከንድ ሲቀር ገባ። 111 ለ 110።

ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ መሀል ሜዳ አልቆመም። ሁለተኛ፣ በ1 ስለተበለጠ ለ2 ነው የወረወረው። ስለዚህ የምናወዳድረው ጀግንነቱን አይደለም።

0.3 ሰከንድ ቀርቶ ኳስ ቢሰጠን መወርወር ይቻላል?

0.3 ካለ ተቀብለህ መወርወር ትችላለህ። ከዚያ በታች ከሆነ በአየር ላይ ነክተህ ማስገባት ብቻ ነው።

ታዲያ ኳሱ ለምርጡ ልጅ አይሰጥ ነው የምትለው?

ይሰጥ። ግን ምርጡ ልጅ ሁለት ሰው ይጎትታል፣ ያኔ አንድ ሰው ብቻውን ይቀራል። የ1997 ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ፣ ቺካጎ ከዩታ፣ 86 ለ 86። ጆርዳን ሊወረውር ነው ብሎ ያላሰበ ሰው አልነበረም። የዩታው ጆን ስቶክተን የቺካጎውን ስቲቭ ከርን ትቶ ወደ ጆርዳን ሄደ። ጆርዳን ለከር ሰጠው፣ 5 ሰከንድ ሲቀር ገባ። 90 ለ 86፣ ዋንጫው የቺካጎ።

ወደ ቅዳሜው ስንመለስ፣ ቀኝ ጥግ ላይ የነበረው ልጃችን ብቻውን ነበር። ግን ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ነበር የቆመው። ጉልበቱ አልታጠፈም፣ ፊቱ ወደ ሰዓቱ ነበር። ጋርዱ ቢያየው እንኳ ምን ይሰጠዋል? ሁላችሁም በወረወረው ላይ ስትጮኹ እኔ የተናደድኩት በዚህኛው ነው።

ልጄ፣ እኛ በተጫወትንበት ዘመን ከቀለበቱ ሥር ሳንደርስ አንወረውርም ነበር። እነዚህ ከቴሌቪዥን የተማሩት ነው።

ጋሼ፣ ግማሹን እቀበልዎታለሁ። ኤንቢኤ ላይ መስመሩ ከፊት 7.24 ሜትር ነው፣ የእኛ 6.75፤ ልጆቹ ግን ከሁለቱም ርቀው ነው የሚወረውሩት። የእኛ ሜዳ ደግሞ ጣሪያ የለውም፣ ከሐይቁ ነፋስ ሲነሳ ረጅም ኳስ ይንሳፈፋል። ግን ከሥር ብቻ እንጫወት ካልን ተጋጣሚ አምስቱንም ቀለበቱ ሥር ይከምርብናል። ከሩቅ የሚያስገባ ሰው መኖሩ ነው ለሌላው መንገድ የሚከፍተው።

እኛ በ3 እየመራን 6 ሰከንድ ቢቀር ፋውል እናድርግ? (የሴቶች ቡድን ተጫዋች ነኝ)

እኔ አድርጉ ባይ ነኝ እህቴ። ሁለት ነፃ ውርወራ ቢያስገቡም አሁንም ትመራላችሁ፤ ሶስት ነጥብ ግን አቻ ያደርጋቸዋል። በ2013 ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ሳን አንቶኒዮ በ3 እየመራ ፋውል አላደረገም። የማያሚው ሌብሮን ሳተ፣ ክሪስ ቦሽ ሪባውንድ ወሰደ፣ ጥግ ላይ ለሬይ አለን ሰጠው፣ 5.2 ሰከንድ ሲቀር 95 ለ 95። ማያሚ በጭማሪ ሰዓት 103 ለ 100 አሸነፈ፣ ሰባተኛውንም አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። በእርግጥ የሳን አንቶኒዮን ምርጫ የሚደግፉ አሰልጣኞች ዛሬም አሉ።

ስታደርጉት ግን ሁለት ጥንቃቄ አለ። ልጅቷ ለመወርወር ከተነሳች አትንኳት፣ ሶስት ነፃ ውርወራ ይሆናል። ደግሞ ኳሱን ለመንጠቅ እንደምትሞክሪ ይታይ። ዝም ብለሽ ብታቅፊያት ስፖርታዊ ያልሆነ ፋውል ይባላል፤ ነፃ ውርወራም ኳስም ይሰጣሉ።

ለቀጣዩ ቅዳሜ ምን እንለማመድ?

በልምምዱ መጨረሻ፣ ሲደክማችሁ፣ ሰዓት 18 ላይ አድርጉ። አንድ ሰው ሆን ብሎ ይሳት፣ ሪባውንድ ያዙ፣ ታይም አውት የለም። ውጤቱን በየዙሩ ቀይሩት፦ አንዴ በ1 ተበልጣችሁ፣ አንዴ በ2፣ አንዴ አቻ። ከመጀመራችሁ በፊት አምስቱም ውጤቱንና ሰዓቱን ጮክ ብለው ይናገሩ። ቀልድ አይምሰላችሁ፤ በ2018 ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ 107 ለ 107 ሆኖ 4.7 ሰከንድ ሲቀር የክሊቭላንዱ ጄ አር ስሚዝ ሪባውንድ ይዞ፣ እየመሩ የመሰለው ይመስል ከቀለበቱ እየራቀ አነጠረ፣ ክሊቭላንድ በጭማሪ ሰዓት 124 ለ 114 ተሸነፈ። 11 ሲቀር ኳሱ ወደ ቀለበቱ መንቀሳቀስ ካልጀመረ ዙሩ ይሰረዝ፣ ሁሉም ይሩጥ። ጥግ ላይ እጁን ወገቡ ላይ ያደረገ ካለ እሱ ሁለት ጊዜ ይሩጥ።