እምቢ ማለት የሚችለው ማን ነው?

ውድ ወጣቶች፣

ብዙዎቻችሁ በማኔጅመንት፣ በሕግ ወይም በዓለም አቀፍ ንግድ ትመረቃላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ለውጭ ገበያ በሚያመርቱ ፋብሪካዎች፣ አንዳንዶቻችሁም በባሕር ማዶ በገዢ ድርጅቶች ቢሮ ትቀጠሩ ይሆናል። በሥነ ምግባር ኮርስ የተማራችኋቸውን ቤንታምንና ካንትን ለፈተና ሸምድዳችሁ እንዳትረሷቸው አደራ እላለሁ። የሥራ ዘመኔ ያለፈው በልብስ ስፌት ፋብሪካዎች የሥራ ሁኔታ ኦዲት ላይ ነው፤ እነዚህ ፈላስፎች የተከራከሩበት ጉዳይ በየፔይሮሉና በየአደጋ ጊዜ መውጫው በር ላይ ሲያጋጥመኝ ኖሯል።

ከባንግላዴሽ ልጀምር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 2013 ዳካ አቅራቢያ ሳቫር ውስጥ ራና ፕላዛ የተባለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተሰነጠቀ። ያየው መሐንዲስ አደጋ አለ ብሎ አስጠነቀቀ። ታች የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን አስወጣ፤ ሱቆቹም ተዘጉ። በማግስቱ ጠዋት ግን ላይኛው ፎቅ ላይ የሚሠሩት ልብስ ሰፊዎች ግቡ ተባሉ። የቀረ ደመወዙን ያጣል የተባሉም ነበሩ። መብራት ጠፋ፣ ፎቁ ላይ የነበሩት ጄኔሬተሮች ተነሱ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሕንፃው ተደረመሰ። 1,134 ሰዎች ሞቱ።

ስለ ሕንፃው ጥራትና ያለ ፈቃድ ስለተጨመሩት ፎቆች ብዙ ተብሏል። እኔ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ሌላውን ነው። ሕንፃው አንድ፣ ስንጥቁም አንድ ነበር፤ ወሬውን ያልሰማም አልነበረም። የባንኩ ሠራተኞች ቀሩ፣ ሰፊዎቹ ገቡ። የለያያቸው እምቢ ማለት የሚያስከፍላቸው ዋጋ ነው።

ፈላስፎቹ ቤንታምና ሚል ድርጊትን በውጤቱ ይመዝናሉ፤ ለብዙዎች የበለጠ ደስታ ያመጣው ይሻላል ይላሉ። ይህ ክርክር በእኛ ዘርፍ በየስብሰባው ይነሳል፤ «ፋብሪካው ባይኖር እነዚህ ልጆች የት ይደርሱ ነበር? ከምንም ይሻላል» ይባላል። አትናቁት። ባንግላዴሽ ውስጥ ሚሊዮኖች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ በዚህ ሥራ የራሳቸውን ገንዘብ መያዝ ችለዋል። እኛም አገር ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የማስገባት የአጎዋ ዕድል በ2022 መጀመሪያ ሲቋረጥ፣ ሐዋሳ ላይ ከሥራ የተሰናበቱ ልጆች የደረሰባቸውን ያየ ሰው ፋብሪካው ይዘጋ ብሎ በቀላሉ አይናገርም።

ነገር ግን ስሌቱን የሚሠራው ማን ነው? የሚያወዳድረውስ ከምን ጋር ነው? ከባዶ እጅ ጋር ከተወዳደረ የትኛውም ደመወዝ ያልፋል። በ2019 በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። በግል ድርጅቶች ላይ የሚጸና ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስላልነበረ የተጣሰ ሕግ የለም። ልጆቹም ፈርመው ነው የገቡት። የቸገረው ግን እርጉዝ ያገባል፤ ያ ፊርማ ስለ ችግራቸው እንጂ ስለ ፈቃዳቸው ብዙ አይነግረንም።

አንድ የደመወዝ ወረቀት ላሳያችሁ። ስሙን የማልጠራው ፋብሪካ ነው። መነሻ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት፣ ቀጥሎ «የመገኘት ማበረታቻ» የሚል መስመር አለ። ሠራተኛዋ በወር ውስጥ አንድ ቀን ከቀረች፣ የሐኪም ወረቀት ብታመጣም፣ መስመሩ ዜሮ ይሆናል። ከጓደኞቿ ጋር ለተከራየችው ክፍል የምታዋጣው ከዚያ ነው። አንዲት ልጅ ትኩሳት ይዟት፣ በሐዋሳ ሙቀት ሹራብ ደራርባ የሸሚዝ አንገትጌ ስትሰፋ አየሁ። ሱፐርቫይዘሩን ስጠይቀው «ማንም አላስገደዳትም» አለኝ። ውሸት አልነበረም፤ ያስገደዳት ያ መስመር ነው።

ካንት የሚያስፈልጋችሁ እዚህ ጋ ነው። በ1785 ባሳተመው ሥራው ሰውን ሁልጊዜ እንደ ዓላማ ያዙት እንጂ መሣሪያ ብቻ አታድርጉት አለ። ሰው መቅጠርን አልከለከለም፤ ሁላችንም አንዳችን በሌላችን ጉልበት እንኖራለን። የነቀፈው የራሱ ፈቃድ እንደሌለው አድርጎ ሰውን መጠቀምን ነው። የታመመች ልጅ «ዛሬ አልችልም» የምትልበትን በር አስቀድሞ የዘጋ ሥርዓት ፈቃዷን ጠይቋል ማለት አይቻልም፤ ስንት ሸሚዝ ቢያስመርትም፣ ስንት ሰው ቢቀጥርም።

የሰብአዊ መብት ሕግም ወደዚሁ መጥቷል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት በ2011 ፕሮፌሰር ጆን ራጊ ያዘጋጇቸውን 31 መርሆች ተቀበለ። መንግሥት መብትን ይጠብቅ፣ ድርጅት ያክብር፣ ተጎጂ ካሣና መፍትሔ ያግኝ ይላሉ። የድርጅቱ ኃላፊነት መንግሥት የራሱን ቢወጣም ባይወጣም የጸና ነው። ስለዚህ «የአገሩ ሕግ አይከለክልም» የሚል አለቃ ሲያጋጥማችሁ ክርክሩ ገና መጀመሩ ነው። ፈረንሳይ በ2017፣ ጀርመን በ2021 ትልልቅ ኩባንያዎቻቸውን በዚህ ጉዳይ ተጠያቂ የሚያደርጉ ሕጎች አውጥተዋል፤ እነሱን አጥኗቸው።

ሰርተፊኬትን ግን በጭፍን አትመኑ። ይህን የምለው ሥራዬ ስለሆነ ነው። በፓኪስታን ካራቺ ውስጥ በሴፕቴምበር 2012 በዓሊ ኢንተርፕራይዝስ ፋብሪካ በተነሳ እሳት ከ250 በላይ ሰዎች አለቁ። መስኮቶቹ በብረት ፍርግርግ የታጠሩ፣ መውጫዎች የተቆለፉ ነበሩ፤ ፋብሪካው ደግሞ ኤስኤ 8000 የተባለውን የማኅበራዊ ኃላፊነት ሰርተፊኬት ከተቀበለ ሳምንታት ብቻ አልፈውት ነበር። ሠራተኛዋን ኃላፊዋ በመስታወት እያያት ብትጠይቋት ሁሉም ደህና ነው ትላለች። ከሥራ ስትወጣ፣ በተከራየችበት ሰፈር ጠይቋት። ከዚያም የገዢውን የግዢ ክፍል ፋይል ክፈቱ። በአንድ ሸሚዝ ላይ ዋጋ ቀንሱ፣ ሺፕመንቱንም በሁለት ሳምንት አስቀድሙ ያለው ደብዳቤ የሚገኘው እዚያ ነው፤ የሌሊቱ ኦቨርታይም የተወለደው ከእሱ ነው።

ከራና ፕላዛ በኋላ፣ በሜይ 2013፣ የልብስ ብራንዶችና የሠራተኛ ማኅበራት «አኮርድ» የተባለውን አስገዳጅ ስምምነት ፈረሙ፤ ፈራሚ ብራንዶቹ ከ200 አለፉ። ሠራተኛ አደገኛ ነው ብሎ በበቂ ምክንያት ያመነበትን ሥራ ደመወዙ ሳይቆረጥ እምቢ የማለት መብት እንዳለው ተጽፎበታል። ኢትዮጵያም የዓለም የሥራ ድርጅትን 155ኛ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 13 ከአስጊ አደጋ የሸሸን ሠራተኛ ከበቀል ይጠብቃል። የአቅርቦት ውል ስታረቅቁ ይህን አንቀጽ አስገቡት። ሠራተኛዋ በምታነበው ቋንቋ፣ ሲዳምኛም ይሁን አማርኛ፣ የስፌት ላይኑ አጠገብ እንዲለጠፍ አድርጉ። ከሥሩም ያ ቀን ከመገኘት ማበረታቻው እንደማይቆረጥ በግልጽ ጻፉ።