መልስ፦ ቀለሙ ለምን ይላጣል?

ወንድሜ፣ የሪሞት መኪናህን ቦዲ ውሃ በሚያቀጥነው ቀለም በኤርብራሽ (ቀለም በአየር ግፊት በሚረጨው መሣሪያ) ቀብተህ እንደተላጠብህ ጽፈሃል። እኔ የምጠረጥረው ቅባት ነው። ፖሊካርቦኔት (ቦዲው የተሠራበት ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ) ላይ የጣት አሻራ እንኳ ካለ ቀለም በደንብ አይይዝም። ውስጡን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠበው፤ ሲደርቅ በእጅህ አትንካው።

የሚቀባው ከውስጥ ሆኖ የሚታየው ከውጪ ነውና ጠቆር ያለው ቀለም ይቅደም፣ ፈዛዛው ይከተል። ደማቅ ቢጫ ከሆነ ከጀርባው ነጭ ደርብበት። የመጀመሪያው ዙር እንደ ጉም ስስ ይሁን፤ ማዶው ገና ይታይህ። ቸኩለህ ካወፈርከው ይንዠቀዠቃል። በየመሃሉ በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርገው። አታጠጋው ታዲያ! የእኔ ኮፈን ተጣሞ ቀርቷል። እኔ ፒያሳ በረንዳ ላይ ነው የምቀባው፤ አቧራው አይጣል ነው፣ ጠዋት ይሻላል።

ቦዲው ተሸፍኖበት የሚመጣውን የውጪውን ስስ ላስቲክ መጨረሻ ላይ ላጠው።