«ሲቪዬ ላይ ምን ልጨምር?»

ጥያቄ፦ የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ፓይተን እችላለሁ፤ ግን ሲቪዬ ከክፍል ጓደኞቼ አይለይም። ስታቲክ አናሊሲስና ሲአይ ብማር ሥራ ያስገኝልኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይጠቅምሻል። ስታቲክ አናሊሲስ ኮዱን ሳያስኬዱ በፕሮግራም አንብቦ ስሕተት መፈለግ ነው፤ ሲአይ ደግሞ አዲስ ኮድ በመጣ ቁጥር ፍተሻው በራሱ እንዲሠራ ማድረግ። ግን በዚህ ስም የወጣ ክፍት ቦታ አትጠብቂ። ማስታወቂያው ላይ «ባክኤንድ» (የሰርቨር በኩል ሥራ) ወይም «ዴቭኦፕስ» (ኮዱን የመገንባትና የማሰማራት ሥራ) ተብሎ ነው የምታገኚው።

ለምን እንደሚፈለግ በአንድ ምሳሌ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 አፕል አይፎን ላይ የነበረ ከባድ የደኅንነት ክፍተት ዘጋ። መንስኤው «ጎቱ ፌይል» (goto fail፣ «ወደ መውጫው ዝለል» እንደ ማለት) የሚል የኮድ መስመር ሁለት ጊዜ መጻፉ ነበር። ሁለተኛው መስመር ከሥሩ ያለውን ፊርማ የማረጋገጥ ሥራ አዘለለው። የድረ ገጹ ማንነት በትክክል ሳይጣራ ግንኙነቱ ያልፍ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን የማይደረስበት ኮድ፣ ማለትም ተጽፎ ፈጽሞ የማይሠራውን፣ የሰው ዓይን ሊስተው ይችላል። መፈተሻ ፕሮግራም ግን ኮዱን ሳያስኬድ፣ አንብቦ ብቻ ሊይዘው ይችላል።

ስለዚህ አዲስ ኮርስ ከመመዝገብሽ በፊት የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን ክፈቺ። ራፍ (Ruff) የሚባለውን የፓይተን ኮድ መፈተሻ ጫኚ። ከዚያ ጊትሃብ አክሽንስ (የጊትሃብ የሲአይ አገልግሎት) ላይ ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም «ይህ ለውጥ ወደ ዋናው ኮድ ይግባ» የሚል ጥያቄ፣ በተከፈተ ቁጥር በራሱ እንዲሠራ አድርጊ፤ ሪፖዚተሪሽ (የኮድሽ ማከማቻ) ለሁሉም ክፍት ከሆነ በነጻ ነው። እስከዚህ ድረስ ማንም ይሠራዋል።

ከባዱ ከዚህ በኋላ ነው። በቆየ ኮድ ላይ መፈተሻ ስታስጀምሪ ማስጠንቀቂያው እንደ ጎርፍ ይመጣል። «ሁሉም ካልተስተካከለ አያልፍም» ካልሽ ቡድኑ ውሎ ሳያድር ያጠፋዋል። አይፈረድባቸውም፤ የሚያስረክቡት ሥራ አለባቸው። የትኛው የመፈተሻ ሕግ ኮዱን እንደሚያስቆም ምረጪ እንግዲህ። ያልተፈጠረ ቫሪያብል መጠቀም ያስቁም፤ የመስመር ርዝመት አያስቁም። የአሮጌው ኮድ ጉድለት ተመዝግቦ ይቆይ፤ አዲስ በሚጻፈው ላይ ግን ጥብቅ ሁኚ። ማስጠንቀቂያው ያለ ቦታው የመጣ ከሆነ ዝም አሰኚው፤ ምክንያቱን ግን እዚያው ኮሜንት ላይ ጻፊ።

ሲቪሽ ላይ የመሣሪያ ስም ከምትደረድሪ አንድ ሊንክ አስቀምጪ፦ መፈተሻው ቀይ ያበራበት፣ አንቺ አስተካክለሽ አረንጓዴ ያደረግሽው ፑል ሪኩዌስት። ኢንተርቪው ላይ የትኛውን ሕግ ለምን እንዳጠፋሽ ተናገሪ። የሥራ ልምድ የሌለው ሰው አስተሳሰቡን የሚያሳይበት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም።

ፕሮጀክቱ የቡድን ከሆነ ግን ጓደኞችሽን ሳታማክሪ አንድም ሕግ አታብሪ።